ስለ ራሴላስ ክንፍ ሠሪና ስለ አገራችን ጠቢባን

በእንፋሎት ስለሚሄድ ድንቅ መርከብ፥ ወደ ጨረቃ ስለሚተኰስ ሰው የሚናገሩትን ልብ ወለድ መጻሕፍት የሚወድ ተማሪ በዲላም ሆነ በሌላ ከተማ ብዙ ጊዜ «ባዶ ሕልም ያነባል» ይባላል። ወላጆችና መምህራን አይቈጡኝና፥ ይህ ፍርድ አገራችንን ይዘነጋል። ዡል ቬርን የሚባለው ፈረንሳዊ መጻፍ ከመጀመሩ ከብዙ ዓመት በፊት፥ በራሪ ሰው በኢትዮጵያ ተራራ ላይ ታስቦ ነበርና።

ያሰበው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። እርሱ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ ነገር ግን የፖርቱጋሉን ሚሲዮናዊ የሎቦን የሐበሻ ጉዞ ከፈረንሳይኛ መልሶ በ1735 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር አሳትሞ ነበር። በ1759 «ራሴላስ»ን ጻፈ፤ ይህንም ሲራክ ኅሩይ ወደ ዐማርኛ ተርጕመውታል። በመጽሐፉ የነገሥታት ልጆች በዐምሐራ ምድር በተራራ በተከበበ ሸለቆ ተዘግተው ይኖራሉ፤ የአምባ ግሸን ወሬ አውሮጳ ደርሶ የወለደው ነገር ነው። በዚያ ሸለቆ አንድ ጠቢብ አለ። ወንዝ በሚያዞረው መንኰራኵር ውሃውን ወደ ግንብ አውጥቶ ለቤተ መንግሥቱ ክፍሎች ሁሉ ያከፋፍላል፤ በነፋስና በጅረት ኃይል ዜማ የሚያሰሙ መሣሪያዎችንም ሠርቷል። (በይርጋ ጨፌ የቡና ማጠቢያ አጠገብ ያደገ ልጅ ለሥራ የተገራ ውሃ ምን ዐይነት ድምፅ እንዳለው ያውቃል።) በኋላም ይህ ሰው የሌሊት ወፍን ክንፍ መርምሮ አንድ ዓመት ሙሉ ደክሞ ክንፍ ሠራ፤ ከገደል ዘለለ፤ ወዲያው ሐይቅ ውስጥ ወደቀ። በአየር ያልረዳው ክንፍ ውሃ ላይ አንሳፈፈውና ልዑሉ በድንጋጤ ግማሽ ሞት የሆነውን ጠቢብ ጐትቶ አወጣው።

አንባቢ ሁሉ እዚህ ላይ ይስቃል። እኔን የያዘኝ ግን ከመዝለሉ በፊት የተናገረው ነው። ጥበቡን ለሌላ እንዳይገልጥ ልዑሉን ይለምነዋል፤ ክፉዎች መብረር ከቻሉ ቅጥርም ተራራም ባሕርም ደጎቹን አያድናቸውም ብሎ ይፈራልና። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ሰባት ዓመት ሳይሞላ፥ በ1928 ዓ.ም. ጦርነት፥ የኢጣልያ አውሮፕላኖች በተራሮቻችን ላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ አዘነቡ።

ሌላም ነገር አለ። በመጽሐፉ ልዑሉ ወደ ጠቢቡ ቤት ሄዶ ሥራውን በአክብሮት ይጐበኛል። በእውነተኛይቱ ኢትዮጵያ ግን ብረት ቀጥቃጩና ሸማኔው «ቡዳ»፥ «ቍጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበረ፤ ዐፄ ምኒልክ በዐዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን የሚሲዮን ሰዎች በጋፋት መድፍ አስቀለጧቸው (የሚሲዮን ተማሪ ሆኜ ይህን ሳነብ ሳቅም ኀዘንም ይይዘኛል)፤ 7 ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል በሰው ጕልበት ተጐትቶ መቅደላ ወጣ። በምኒልክ ዘመንም የአርመናዊው የሰርኪስ የእንፋሎት ባቡር ያለ ሐዲድ በአዲስ አበባ መንገድ ሲያጓራ ሕዝቡ ተደነቀ። ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው ነው ከልብ ወለድ የሚያንሰው?

የአውሮፕላኑ ፍርሀት በሌላ ልብ ወለድ መልስ አገኘ። ከኢጣልያ ወረራ በኋላ ጥቍሩ አሜሪካዊ ጆርጅ ስካይለር፥ በብዕር ስም፥ በፒትስበርግ ኩሪየር ጋዜጣ ከ1936 እስከ 1938 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ተከታታይ ታሪክ አወጣ። በእርሱ ታሪክ ጥቍር ሳይንቲስቶች ከፀሐይ ኃይል ያወጣሉ፤ አብራሪዎቻቸውም አፍሪካን ከቅኝ ገዢዎች ነጻ ያወጣሉ። የጆንሰን ጠቢብ ለክፉዎች ይሆናል ብሎ የፈራውን ሰማይ ስካይለር ለተጠቁት ሰጣቸው ማለት ነው፤ ምንም እንኳ የእርሱ ጀግና እጅግ ጨካኝ ቢሆንና እኔ ባልወደውም። ደራሲው ራሱ በደብዳቤው ሥራውን አቃልሎታል፤ የጋዜጣው አንባብያን ግን በየሳምንቱ ይጠብቁት ነበረ። በመጽሐፍ መልክ የታተመው በ1991 ነው፤ እርሱ ከሞተ ከ14 ዓመት በኋላ።