ልጆችና የሲየና ፓሊዮ

የሲየና ፓሊዮ በመካከለኛው ጣልያን፣ በቶስካና ክልል በምትገኘው በሲየና ከተማ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚካሄድ የፈረስ እሽቅድምድም ነው። ውድድሩ የሚውለው ጁላይ 2 (ሰኔ 25) እና ኦገስት 16 (ነሐሴ 10) ነው። ሩጫው ከአንድ ደቂቃ ተኩል የማይበልጥ ቢሆንም የከተማው ነዋሪዎች ዓመቱን ሙሉ ሲዘጋጁለት ይከርማሉ። ከዚህ ዝግጅት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የልጆች አስተዳደግ ነው። የሲየና ልጅ መራመድ ሳይጀምር የሰፈሩን ቀለም ይለብሳል፤ ከበሮ መምታትና ባንዲራ ማውለብለብም በልጅነቱ ይማራል።

በሞንጎልያው ናዳም በዓል ፈረሶቹን የሚጋልቡት ራሳቸው ልጆች ናቸው። በሲየና ግን ጋላቢዎቹ በገንዘብ የሚቀጠሩ አዋቂ ባለሙያዎች ናቸው። ስለዚህ በሲየና ልጆች የሚወርሱት ግልቢያን ሳይሆን ደጋፊነትን ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ደጋፊነቱ ከወላጅ ወደ ልጅ በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ነው።

የውድድሩ አጭር መግለጫ

ፓሊዮ የሚካሄደው በከተማው መሃል በሚገኘው፣ የዛጎል ቅርጽ ባለው ፒያሳ ዴል ካምፖ በተባለ አደባባይ ነው። ለውድድሩ በአደባባዩ ዙሪያ ያለው የድንጋይ ንጣፍ አፈር ይለብሳል። አሥር ፈረሶች አደባባዩን ሦስት ጊዜ ይዞራሉ፤ ጠቅላላ ርቀቱም 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጋላቢዎቹ ያለ ኮርቻ ይቀመጣሉ። አሸናፊው የሚታወቀው በፈረሱ ስለሆነ ጋላቢው ወድቆ ፈረሱ ብቻውን ቀድሞ ቢገባም ድሉ ይጸናል።

ሽልማቱ ገንዘብ አይደለም። አሸናፊው የሚወስደው ለእያንዳንዱ ውድድር በአዲስ መልክ የሚሳል፣ የድንግል ማርያም ምስል ያለበት የሐር ጨርቅ ነው። የጁላዩ ውድድር የፕሮቨንዛኖ ማርያም መታሰቢያ ሲሆን የኦገስቱ በካቶሊካውያን አቆጣጠር ከፍልሰታ በዓል ማግስት ይውላል።

ኮንትራዳ

በፓሊዮ የሚወዳደሩት ግለሰቦች ወይም የፈረስ ባለቤቶች ሳይሆኑ ኮንትራዳ የሚባሉ የከተማው ሰፈሮች ናቸው። ኮንትራዳዎቹ 17 ሲሆኑ ድንበራቸውን እ.ኤ.አ. በ1729 የወሰነችው በጊዜው የከተማዋ ገዥ የነበረችው የባቫርያዋ ቪዮላንቴ ቤያትሪቼ ናት። ስማቸውና ዓርማቸው በአብዛኛው ከእንስሳት የተወሰደ ነው፦ ንስር፣ አባጨጓሬ፣ ቀንድ አውጣ፣ ጉጉት፣ ዘንዶ፣ ቀጭኔ፣ ጃርት፣ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ፣ ተኩላ፣ ዛጎል፣ ዝይ፣ ማዕበል፣ ግስላ፣ ጫካ፣ ዔሊ፣ ግንብ እና አውራ በግ።

አደባባዩ 17 ፈረሶችን ስለማይችል በአንድ ውድድር የሚሮጡት አሥር ኮንትራዳዎች ናቸው። ባለፈው ዓመት በዚያው ወር ያልሮጡት ሰባቱ በቀጥታ ይገባሉ፤ የቀሩት ሦስቱ በዕጣ ይመረጣሉ።

እያንዳንዱ ኮንትራዳ የራሱ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መዘክር፣ መሰብሰቢያ ቤት፣ የፈረስ ጋጥና የውሃ ምንጭ አለው። ፕሪዮሬ የሚባለው ሊቀ መንበር በሰላሙ ጊዜ ማኅበሩን ይመራል፤ በውድድሩ ቀናት ግን ኃላፊነቱ ወደ ካፒቴኑ ይዛወራል። አባላቱ በደስታም በሐዘንም ስለሚረዳዱ ኮንትራዳ ከስፖርት ክለብ ይልቅ እንደ እድር ያለ የኑሮ ማኅበር ይመስላል። ልጅ የሚያድገውም በዚህ ማኅበር ውስጥ ነው።

የምንጩ ጥምቀት

በቀድሞው ልማድ አንድ ሰው የኮንትራዳ አባል የሚሆነው በድንበሩ ውስጥ ሲወለድ ነበር። ልጆች በቤት ውስጥ በሚወለዱበት ዘመን ይህ ደንብ ችግር አልነበረበትም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን እናቶች በሆስፒታል መውለድ ጀመሩ፤ ብዙ ቤተሰቦችም ከጥንቱ የከተማ ቅጥር ወጥተው በአዳዲስ ሰፈሮች ሰፈሩ። የትውልድ ቦታ ብቻ መስፈርት ሆኖ ቢቀር ኖሮ ኮንትራዳዎቹ ልጅ አልባ ሊሆኑ ይችሉ ነበር።

ለዚህ መልስ የሆነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፋው የኮንትራዳ ጥምቀት ነው። ሥርዓቱ ከቤተ ክርስቲያን ጥምቀት የተለየና ሃይማኖታዊ ያልሆነ ነው። ኮንትራዳው የጠባቂ ቅዱሱን በዓል በሚያከብርበት ወቅት ሕፃናቱ ወደ ሰፈሩ ምንጭ ይወሰዳሉ። ፕሪዮሬው ከምንጩ ውሃ ይረጫቸውና አባል መሆናቸውን ያውጃል፤ የኮንትራዳው ቀለምና ዓርማ ያለበት የአንገት መሐረብም ይሰጣቸዋል። ይህ መሐረብ በውድድሩ ቀናት ከአንገት አይለይም። ዛሬ የሚታዩት አብዛኞቹ የኮንትራዳ ምንጮች ከጦርነቱ ወዲህ የተሠሩ ናቸው።

በዚህ ለውጥ ምክንያት አባልነት ከመሬት ይልቅ ወደ ቤተሰብ ዞሯል። አባትና እናት ከተለያየ ኮንትራዳ ከሆኑ ልጁ በየትኛው ምንጭ እንደሚጠመቅ መወሰን ግድ ይላል። ሁለቱ ኮንትራዳዎች ባላንጣ ከሆኑ ውሳኔው ይበልጥ ይከብዳል። ታዋቂ ከሆኑት ባላንጣዎች መካከል ዝይና ግንብ፣ ዔሊና ቀንድ አውጣ፣ ተኩላና ጃርት ይገኛሉ። ዓመቱን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ባልና ሚስት በፓሊዮ ቀናት እያንዳንዳቸው ወደየኮንትራዳቸው መሄዳቸው በሲየና እንግዳ ነገር አይደለም።

የልጆች ትምህርትና ጨዋታ

ኮንትራዳዎች ለሕፃናትና ለታዳጊዎች የተለየ ክፍል አላቸው። ልጆቹ በዚያ ሲሰበሰቡ የሰፈራቸውን ታሪክ ይሰማሉ። በቤተ መዘክሩ የተሰቀሉት የሐር ጨርቆች ኮንትራዳው መቼ እንዳሸነፈ የሚመሰክሩ ስለሆኑ ለልጁ የመጀመሪያ የታሪክ መጽሐፉ ናቸው ማለት ይቻላል።

ከውድድሩ በፊት በሚደረገው ታሪካዊ ሰልፍ እያንዳንዱ ኮንትራዳ ከበሮ መቺና ባንዲራ ወርውረው የሚቀልቡ ወጣቶችን ያሰልፋል። ይህ ጥበብ ዓመታት የሚፈጅ ልምምድ ይጠይቃል። ልጆች በቁመታቸው ልክ የተሠሩ ከበሮዎችንና ባንዲራዎችን ይዘው በሰፈራቸው ጎዳናዎች ላይ ይለማመዳሉ፤ የሚያሠለጥኗቸውም ቀድመው የተሰለፉ ታላላቆቻቸው ናቸው።

የልጆቹ ተወዳጅ ጨዋታ የባርቤሪ ጨዋታ ነው። ባርቤሪ በ17ቱ ኮንትራዳዎች ቀለማት የተቀቡ ትናንሽ የእንጨት ኳሶች ናቸው። ልጆቹ ኳሶቹን በተዳፋት መንገድ ላይ ይለቁና የማን ቀለም ቀድሞ እንደሚደርስ ይመለከታሉ። ስሙ የተወሰደው የሩጫ ፈረሶች ድሮ ይጠሩበት ከነበረው ቃል ነው።

ሴፕቴምበር 8 (ጳጉሜን 3) በሚውለው የማርያም ልደት ቀን ደግሞ የታበርናኮሎ በዓል ይከበራል። በዚህ ዕለት የየኮንትራዳው ልጆች በጎዳና ላይ የሚገኙትን የማርያም ምስሎች በራሳቸው ሥራ ያስጌጣሉ፤ በጌጦቹም ይወዳደራሉ። በዓሉ የሚውለው የዓመቱ ሁለት ውድድሮች ካለፉ በኋላ ስለሆነ ልጆቹን ፈረስ በሌለበት ጊዜም ከሰፈራቸው ጋር ያቆራኛቸዋል።

የፓሊዮ አራት ቀናት

ውድድሩ ከመድረሱ ከሦስት ቀናት በፊት፣ ጁን 29 እና ኦገስት 13፣ ፈረሶቹ ለኮንትራዳዎቹ በዕጣ ይከፋፈላሉ። ኮንትራዳ ፈረሱን መምረጥም መግዛትም አይችልም። ጥሩ ፈረስ የደረሰው ሰፈር ሕዝብ በእልልታ ይዞት ይመለሳል፤ ደካማ ፈረስ የደረሰው አንገቱን ይደፋል። ልጆች ዕድል ለሁሉም እኩል እንደማትደርስ በግልጽ የሚያዩት በዚህ ዕለት ነው።

ከዚያ በኋላ ስድስት የሙከራ ሩጫዎች ይደረጋሉ። በእነዚህ ሙከራዎች ወቅት በማዘጋጃ ቤቱ ፊት ያለው መቀመጫ ለኮንትራዳ ልጆች ይለቀቃል። ልጆቹ መሐረባቸውን አድርገው በየቀለማቸው ይቀመጡና ይዘፍናሉ። የዘፈኑ ዜማ ለሁሉም ኮንትራዳዎች አንድ ሲሆን ግጥሙ ግን ይለያያል። የራስን ሰፈር ማወደስና ባላንጣን መንቀፍ የግጥሙ ዋና ይዘት ነው።

በውድድሩ ዋዜማ ኮንትራዳዎቹ በየጎዳናው ረጅም ጠረጴዛ ዘርግተው ራት ይበላሉ። በማግስቱ ፈረሱ ወደ ኮንትራዳው ቤተ ክርስቲያን ይገባል፤ ካህኑም ባርኮ አሸንፎ እንዲመለስ ያሰናብተዋል። ፈረሱ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ፋንድያ ቢጥል እንደ መልካም ምልክት ይቆጠራል።

ያሸነፈው ኮንትራዳ በመከር ወራት የድል ግብዣ ያደርጋል። በግብዣው ላይ የክብር እንግዳው ፈረሱ ሲሆን የራሱ ገበታ ይቀርብለታል። ልጆችም ከጋላቢው ስም ይልቅ የፈረሱን ስም ሲያነሱ ያድጋሉ።

ልጅነት በፓሊዮ ቋንቋ

የሲየና ሰዎች ስለ ድልና ሽንፈት ሲናገሩ የቤተሰብ ቃላትን ይጠቀማሉ። ከሁሉም ለረጅም ጊዜ ሳያሸንፍ የቆየ ኮንትራዳ «አያት» ይባላል። ማሸነፍ ደግሞ እንደ ዳግም መወለድ ይታያል። በዚህም ምክንያት የአሸናፊው ኮንትራዳ አዋቂዎች፣ ሽማግሌዎቹም ሳይቀሩ፣ የሕፃን ጡጦ በአፋቸው ይዘው በጎዳና ይጨፍራሉ። ሁለተኛ መውጣት ግን ክብር የለውም፤ ከተሸናፊዎች ሁሉ የከፋ ሽንፈት ተደርጎ ይወሰዳል።

ውርርድና ገንዘብ

በእንግሊዝና በአሜሪካ የፈረስ እሽቅድምድም ገቢ በአብዛኛው ከውርርድ ጋር የተቆራኘ ነው። በእነዚህ አገሮች ስፖርቱን ለልጁ ማስተዋወቅ የሚፈልግ ወላጅ ፈረሱን ከቁማሩ እንዴት እንደሚለይለት ማሰብ ይኖርበታል። የፓሊዮ መሠረት ግን ውርርድ አይደለም። ተመልካቹ በፈረስ ላይ ገንዘብ አስይዞ የሚያተርፍበት አደባባይ የለም፤ የሲየና ሰው የሚደግፈውን ኮንትራዳም እንደ ፈረሱ ብቃት አይቀያይርም።

ይህ ሲባል ገንዘብ የለም ማለት አይደለም። ኮንትራዳዎች ባላንጣቸው እንዳያሸንፍ እርስ በርሳቸውና ከጋላቢዎች ጋር በምስጢር የገንዘብ ስምምነት ያደርጋሉ። ስምምነቱ በልማዱ የሚታወቅ ሲሆን የአሸናፊው ወጪ ከፍተኛ ነው። ስለዚህ ድል ለኮንትራዳው ትርፍ ሳይሆን ዕዳ ይዞ ይመጣል፤ አባላቱም በደስታ ያዋጣሉ።

የፈረሶች ጉዳትና ክርክሩ

ፓሊዮ ብዙ ተቃውሞ የሚነሣበት በፈረሶች ላይ በሚደርሰው ጉዳት ነው። መንገዱ ቁልቁለትና ሹል መታጠፊያዎች አሉት። ሳን ማርቲኖ የተባለው ቁልቁል መታጠፊያ በተለይ አደገኛ ነው። የእንስሳት መብት ተከራካሪዎች ባለፉት አሥርተ ዓመታት ብዙ ፈረሶች መሞታቸውን ጠቅሰው ውድድሩ እንዲቆም ይጠይቃሉ። ልጆች ይህን እያዩ ማደጋቸውም የክርክሩ አካል ነው።

ከተማው በበኩሉ የመከላከያ እርምጃዎችን ወስዷል። በመታጠፊያው ግድግዳ ላይ ፍራሽ ይደረጋል፤ ፈረሶች ከምርጫ በፊት በእንስሳት ሐኪሞች ይመረመራሉ። በፍጥነታቸው የታወቁት፣ ነገር ግን ለዚህ መንገድ እግራቸው ስስ የሆነው የቶሮብሬድ ፈረሶች ቀርተው በድቅል ዝርያ ተተክተዋል። ከውድድር የወጡ ፈረሶችም ራዲኮንዶሊ በተባለ ቦታ የሚጦሩበት ማረፊያ አለ።

እርምጃዎቹ አደጋውን ቢቀንሱም አላጠፉትም። ኦክቶበር 20 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. በተደረገው ልዩ ፓሊዮ የዔሊው ፈረስ ሬሞሬክስ ጋላቢው ወድቆ ብቻውን በመግባት አሸነፈ። በዚያው ውድድር ግን የቀጭኔው ፈረስ ራኦል ተሰብሮ ሞተ። በአንድ ምሽት የአንዱ ሰፈር ልጆች ሲጨፍሩ የሌላው ሰፈር ልጆች ለአራት ቀን እንደ ራሳቸው የቆጠሩትን ፈረስ አጡ። የፓሊዮ ደጋፊ ወላጅ ለልጁ ሊመልሰው የሚገባው ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፦ ፈረሱን ይህን ያህል የሚወድ ሰፈር ለምን ለአደጋ ያጋልጠዋል?

ቀጣይነት

ፓሊዮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ደግሞ በ2020 እና በ2021 እ.ኤ.አ. ሳይካሄድ ቀርቶ በ2022 ተመልሷል። በእነዚህ ዓመታት የተወለዱ የሲየና ሕፃናት ፈረስ ሳይሮጥ የኮንትራዳ ልጆች ነበሩ። አባልነታቸው የሚመነጨው ከሩጫው ሳይሆን ከሰፈሩ ሕይወት ስለሆነ ውድድሩ ሲመለስ ደጋፊዎቹ አልጠፉም።

የሲየና ታሪካዊ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1995 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። መዝገቡ የሚጠብቀው ግንቦቹንና አደባባዩን ነው። አሥር ፈረሶች ሲገቡ አደባባዩን የሚሞላው ሕዝብ ግን በየምንጩ በተጠመቁትና በየጎዳናው ከበሮ በተለማመዱት ልጆች ይተካል።