በካርታው ላይ ያለችው ነጥብ ምን ትመሰክራለች? የአማተር ሬዲዮ ጣቢያዎችን በቦታና በአየር ሁኔታ ፓኬቶች ስለመከታተል

ኤፒአርኤስ የተባለው የአማተር ሬዲዮ ሥርዓት ሲነሣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው የመኪና መከታተያ ነው። ይህ እይታ ካርታውን በተሳሳተ መንገድ እንድናነብ ያደርገናል። በእኔ እምነት በካርታው ላይ የምትታየው ነጥብ የምትነግረን ጣቢያው ለመጨረሻ ጊዜ የት ሆኖ እንደተሰማ ነው፤ ምስክርነቷም የላኪውን ያህል የሰሚው ነው።

ሥርዓቱን የቀመሩት በአናፖሊስ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ ይሠሩ የነበሩት ቦብ ብሩኒንጋ ናቸው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የባሕር ኃይሉን የቦታ ሪፖርቶች በአፕል 2 ኮምፒውተር ካርታ ላይ ማስፈር ጀመሩ፤ በ1984 ደግሞ በ100 ማይል የፈረስ ውድድር ላይ ፈረሶቹ ያሉበትን ቦታና ሁኔታ ለማሳወቅ ቪክ-20 በተባለች አነስተኛ ኮምፒውተር ተጠቀሙ። እሳቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2022፣ አጥብቀው ያስረዱ የነበረው ሥርዓቱ በአንድ አካባቢ ያሉ ሰዎች በዚያች ሰዓት የሚሆነውን ሁሉ የሚጋሩበት የሁለትዮሽ መገናኛ መሆኑን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በሰሜን አሜሪካ 144.390፣ በአውሮፓ 144.800 ሜጋኸርትዝ ላይ ሁሉም አንድ መስመር ይጋራል። መረጃው በ1200 እና በ2200 ኸርትዝ ድምፆች እየተፈራረቀ በሴኮንድ 1200 ቢት ይጓዛል፤ በእጅ ሬዲዮ ሲያዳምጡት ጨርቅ የተቀደደ ያህል አጭር ድምፅ ነው። ፓኬት የሚባለው ይህ አጭር መልእክት የጥሪ ምልክትን፣ ኬክሮስንና ኬንትሮስን ይዞ ይወጣል። ደርሷል የሚል ማረጋገጫ ግን አይመለስለትም። ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ቅጽበት ከላኩ ሁለቱም ሊጠፉ ይችላሉ፤ መፍትሔው ደጋግሞ መላክ ነው።

ተራራ ላይ የተተከለ ደጋሚ ጣቢያ የሰማውን መልሶ ይለቃል፤ አይጌት የሚባለው ደግሞ ወደ ኢንተርኔት ያሻግራል። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ የቦታ ፓኬቶች የራሳቸውን ሰዓት አይይዙም። ካርታው ላይ የምናየው ሰዓት የተቀባዩ ነው። አንድ ደጋሚ ፓኬቱን አዘግይቶ ከለቀቀው፣ ወደፊት እየነዳ ያለ መኪና ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና የገሠገሠ ይመስላል። ሾፌሩ አልዞረም፤ የዞረው ወሬው ነው።

የአየር ሁኔታ ፓኬትም እንዲሁ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። 220/004 ካለ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ በሰዓት 4 ማይል ይነፍሳል ማለት ነው፤ ቲ077 የሙቀት መጠኑን 77 ፋራናይት፣ ማለትም 25 ሴንቲግሬድ ያደርገዋል። ኤች50 እርጥበቱ 50 በመቶ ነው ማለት ነው። ኤች00 ሲመጣ ግን አየሩ በእርጥበት መሞላቱን፣ 100 በመቶ መሆኑን ያሳያል፤ ለእርጥበት የተተወው ቦታ ሁለት አኃዝ ብቻ ነውና። ቢ09900 የአየር ግፊቱን 990.0 ሚሊባር ይለዋል። ግፊቱ ለከፍታ ካልተስተካከለ ንጽጽሩ ሁሉ ይበላሻል፦ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለ ጣቢያ ሳያስተካክል ቢልክ ከ800 ሚሊባር በታች ያሳያል፤ ይህን ቁጥር የባሕር ጠረፍ ግፊት የለመደ ሰው ቢያየው መሣሪያው ተበላሽቷል ይላል። በጎ ፈቃደኞች ሲደብሊውኦፒ በተባለው መርሐ ግብር አማካይነት ወደ አሜሪካ የአየር ትንበያ የሚልኩት ልኬት ከጎረቤት ጣቢያዎች ጋር የሚነጻጸረው እንዲህ ያለው ስሕተት እንዳያልፍ ነው።

ቆሞ ከሚለካው ጣቢያ ሌላም ነገር እንማራለን። ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚልክበት የጊዜ ልዩነትም የታወቀ ነው። ስለዚህ ዝምታው ራሱ መረጃ ይሆናል። ከማዕበል በኋላ አንድ ብቻ ከጠፋ ባትሪውን ወይም አንቴናውን እንጠረጥራለን። በአንድ ሸለቆ ያሉት ሦስቱም በአንድ ጊዜ ከካርታው ከደበዘዙ ግን፣ ቤቶቹን ከማንኳኳት በፊት ተራራው ላይ ያለውን ደጋሚ ማየት ይሻላል።