ያልተጠየቀ ልጅነት

ወላይታ ሶዶ፥ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፥ አንድ ብላቴና ጫማዬን እየጠረገ አጫወተኝ። የእንጀራ አባቱን ዱላ ሸሽቶ ከቤት እንደ ወጣ፥ የመሳፈሪያ ሲሞላለትም አዲስ አበባ እንደሚሄድ ነገረኝ። የሊስትሮ ሣጥን አንግቶ በዚያ መንገድ ስንት የወላይታ ልጅ እንደ ሄደ አገር ያውቃል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው፤ ይህ ልጅ አድጎ፥ አያድርገውና፥ በወንጀል ተከሶ ዳኛ ፊት ቢቆም ያ ዱላ ይታሰብለት ይሆን?

ጥያቄው ለሕጋችን አዲስ አይደለም። ስዊሳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ ዳኛው ቅጣት ሲወስን የጥፋተኛውን ያለፈ ሕይወትና የግል ኑሮ እንዲመለከት አዝዞ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 88 ይህንኑ አጸና። ዳሩ ግን የቅጣት ማቅለያዎችን የሚዘረዝረው አንቀጽ 82 ከባድ ችግርን፥ በደል የቀሰቀሰውን ቁጣ፥ እውነተኛ ጸጸትን ሲጠራ የልጅነትን ዱላ በስሙ አይጠራም። በአንቀጽ 86 በኩል ግን ሊገባ ይችላል፤ ዳኛው ምክንያቱን ገልጦ እስከ ጻፈ ድረስ።

ሕግ ትኩስ ቁስልን ፈጥኖ ያያል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ፥ የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ የጠለፋትን ሰው ተኩሳ ገደለች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። በበደሉና በጥይቱ መካከል ያለፈው ጊዜ አጭር ነበር። በዱላውና በጥፋቱ መካከል ሃያ ዓመት ሲያልፍስ? ያን ጊዜ የሚጠየቀው ነጻ መውጣት አይደለም፤ የቅጣቱ ልክ ነው።

ዕድሜው ከ9 እስከ 15 ዓመት ለሆነ ጥፋተኛ፥ ፍርድ ቤቱ ወላጆቹንና የትምህርት ቤቱን ሰዎች ጠርቶ ስለ አኗኗሩ እንዲጠይቅ አንቀጽ 54 ይፈቅዳል። አዋቂ ከሆነ በኋላ ግን ያን ታሪክ ወደ ችሎት የሚያመጡት በአብዛኛው እርሱና ጠበቃው ናቸው። በዱላ ያደገ ልጅ ደግሞ አስቀድሞ የሚማረው ዝምታን ነው። ገመናን መሸፈን ጨዋነት በሆነበት አገር፥ ያልተጠየቀ ሰው እንዴት ይናገራል?

የልጅነት በደል የሌላውን ደም አያጥብም፤ የተበዳይም እንባ በዚህ አይደርቅም። ነገር ግን ሕጉ «ያለፈ ሕይወቱን ተመልከት» ሲል፥ መመልከት ከመጠየቅ ይጀምራል ባይ ነኝ።

ብላቴናው ሣጥኑን በብሩሹ ኳ አደረገ። «ጋሼ፥ ሌላኛውን» አለኝ።

እግሬን ለወጥሁ። ዕድሜውን ጠየቅሁት።

«ዐሥራ አንድ።»