አጥንት አብቃይ ፕሮቲንን በመጠን የሚለቅቀው ሃይድሮጄል

በአሜሪካ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ባለሙያ የነበሩት ዶክተር ማርሻል ዩሪስት፣ ማዕድኑ እንዲወጣለት የተደረገ አጥንት በእንስሳት ጡንቻ ውስጥ ሲቀበር በሥፍራው አዲስ አጥንት እንደሚበቅል እ.ኤ.አ. በ1965 ይፋ አድርገዋል። ለዚህ ምክንያት የሆነው ፕሮቲን በኋላ ቢኤምፒ የሚል ስያሜ የተሰጠው ሲሆን፣ ቢኤምፒ-2 የተባለው ዓይነት በጄኔቲክ ምህንድስና ተመርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ለታችኛው የጀርባ አጥንት ቀዶ ሕክምና እንዲውል ከአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አግኝቷል።

ፕሮቲኑ ለሕሙማን የሚሰጠው ከኮላጅን በተሠራ ስፖንጅ ላይ ተደርጎ ነው። ስፖንጁ ፕሮቲኑን አጥብቆ ስለማይይዝ ከፍተኛ ድርሻ ያለው ክፍል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ታጥቦ ይሄዳል፤ የአጥንት ጥገና ግን ሳምንታትን ይፈልጋል። ይህን ለማካካስ በአንድ ሚሊ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ፕሮቲን ጥቅም ላይ ይውላል። ይህም በሰውነት ውስጥ በተፈጥሮ ከሚገኘው እጅግ የበዛ ነው።

መዘዙ ለመታየት ጊዜ አልፈጀም። አስተዳደሩ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ምርቱ ባልተፈቀደለት የአንገት ቀዶ ሕክምና ላይ ሲውል የአንገትና የጉሮሮ እብጠት አስከትሎ የመተንፈሻ ቧንቧን እስከመጫን መድረሱን ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2011 በዘ ስፓይን ጆርናል የታተመ ግምገማ ደግሞ የጎንዮሽ ጉዳቱን፣ በኢንዱስትሪው ድጋፍ የተካሄዱት ቀደምት ጥናቶች ካመለከቱት ከ10 እስከ 50 እጥፍ እንደሚበልጥ ገምቷል። ለጀርባ የተሰጠ ፈቃድ ለአንገት መዋሉ በራሱ ለተቆጣጣሪ አካላት ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ተመራማሪዎች ትኩረታቸውን ወደ ሃይድሮጄል ያዞሩት በዚሁ የመጠን ችግር የተነሳ ነው። ሃይድሮጄል ብዙ ውኃ የሚይዝና እንደ ጄሊ የለሰለሰ መረብ ሲሆን፣ ፕሮቲኑን የሚስበው ሄፓሪን በመረቡ ላይ ሲታሰር ፕሮቲኑ በዝግታ ይለቀቃል። ከዚህ የረቀቀው ዘዴ ግን የመልቀቁን ሥራ ለራሱ ለአካሉ የሚተወው ነው። በስዊዘርላንድ የዙሪክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ ባደረጉት ሥራ፣ ወደ ቁስሉ የሚገቡ ሕዋሳት በሚያመነጩት ኢንዛይም ብቻ የሚቆረጥ የፖሊኢትሊን ግላይኮል መረብ አዘጋጅተው በአይጦች የራስ ቅል ላይ የተፈጠረን ክፍተት በአጥንት ለመሙላት ችለዋል። ሕዋሳቱ መረቡን እየቆረጡ በገቡ መጠን ፕሮቲኑ ይለቀቃል፤ ሕዋስ ባልደረሰበት ሥፍራ ደግሞ ታስሮ ይቆያል።

ያም ሆኖ አብዛኛው ሥራ እስካሁን በእንስሳት ሙከራ ደረጃ ላይ ይገኛል። ለስላሳው ጄል ክብደት በሚሸከም አጥንት ላይ ብቻውን አይጸናም፤ ምርቱን ከጀርም ለማጽዳት የሚያገለግሉት ሙቀትና ጨረርም ፕሮቲኑን ራሱን ሊጎዱት ይችላሉ።