ድርቁ ከመምጣቱ በፊት የበቆሎው ዋጋ ወድቆ ነበር

የኢትዮጵያ ድርቅ ሲነሳ 1966 እና 1977 ዓ.ም. ይቀድማሉ፤ 1995 ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በዚያ ዓመት ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆኗል። ይህ በ1977 ከነበረው የተረጂ ቁጥር ይበልጣል። ግን እንደ ወሎው ያለ የጅምላ እልቂት አልደረሰም፣ ዓለምን ያስለቀሰ ፊልም አልወጣም። እርዳታው በጊዜ ደረሰ ተባለ፣ ፋይሉም ተዘጋ።

ፋይሉ የተዘጋው ግን ዋናው ገጽ ሳይነበብ ነው። ምክንያቱም የ1995ን ድርቅ ያለ 1994ቱ ጥጋብ መረዳት አይቻልም። ይህን ደግሞ እንደ አዳማና እንደ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ እንደ መቂ፣ እንደ ዝዋይ፣ እንደ አርሲ ነገሌ በግልጽ የሚያሳይ ቦታ የለም።

መጀመሪያ መሬቱን እንይ። ሸለቆው በሸዋ ደጋና በአርሲ ተራሮች መካከል የተጋደመ ነው። ጭላሎ ላይ የሚያወርደው ዝናብ ታች ሜዳው ላይ ሲደርስ ይሳሳል። ወለሉ ላይ በዓመት ከ700 እስከ 800 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ቁጥሩ ለብቻው ሲታይ መጥፎ አይደለም፤ በዚህ መጠን ስንዴ የሚያመርት አገር ብዙ ነው። ችግሩ አመጣጡ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ያጥለቀልቅና ሦስት ሳምንት ይጠፋል። አፈሩ በብዙ ቦታ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ያለበት አሸዋማ ስለሆነ ውሃ አያቆይም፤ ነፋሱም የቀረችውን እርጥበት ይዟት ይሄዳል። (ይኸው ነፋስ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ አዳማ አናት ላይ መብራት ያመነጫል። ከበቆሎው ጋር ግን እስካሁን አልታረቀም።)

በቆሎ በዚህ አየር ቁማር ነው። ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ዝርያ በሚያዝያና በግንቦት ይዘራል፣ በሐምሌ ያብባል፣ ፀጉሩን ያወጣል። ልክ በዚያ ሰሞን ሁለት ሳምንት ዝናብ ቢቀር አገዳው ለምልሞ ይቆማል እንጂ ፍሬ አይቋጥርም። በመኪና ለሚያልፍ ሰው ማሳው አረንጓዴ ነው፤ አገሩ ጥጋብ ይመስለዋል። «አረንጓዴ ድርቅ» የሚባለው ይህ ነው። አዳማ አጠገብ ያለው የመልካሳ ምርምር ማዕከል ቶሎ የሚደርሱ የበቆሎና የቦሎቄ ዝርያዎችን በማውጣት ሲደክም የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዝናቡ ከመሄዱ በፊት የሚደርስ ሰብል ለማግኘት።

በረዶም አለ። በክረምት መውጫ የሚወርድ በረዶ የአንዱን ቀበሌ ጤፍ ከመሬት አጣብቆ የጎረቤቱን ሳይነካ ያልፋል። በጥቅምትና በኅዳር ያለ ጊዜው የሚመጣ ዝናብም የታጨደውን ክምር ያበሰብሳል። ግን በበረዶ ዘመን አይሰየምም። ጉዳቱ የጥቂት ቤተሰብ ሆኖ ከወረዳ ሪፖርት አያልፍም። ታሪክ የሚሠራው ድርቅ ነው፤ ሁሉን አንድ ላይ ስለሚመታ።

አሁን ወደ ጥጋቡ። በ1985 ዓ.ም. ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅት፣ ጂሚ ካርተርና የስንዴው ሊቅ ኖርማን ቦርሎግ ከኋላው ሆነው፣ ኢትዮጵያ ገባ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ምርጥ ዘር፣ ዳፕና ዩሪያ፣ ብድር፣ አጠገቡ የሚቆም የልማት ሠራተኛ። በሙከራ ማሳዎች ላይ የታየው ምርት መንግሥትን ስላስደሰተ ከ1987 ጀምሮ አገር አቀፍ የኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሆነ። የማዳበሪያው መጠን ከዓመት ዓመት ጨመረ። የላስቲክ ከረጢቱ ራሱ በየቤቱ «ማዳበሪያ» ተብሎ የሚጠራው ያለ ነገር አይደለም፤ ዛሬ ድንች የሚገባበት፣ ልብስ የሚጫንበት ማዳበሪያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። በ1989 ኢትዮጵያ ለኬንያ በቆሎ እስከ መሸጥ ደረሰች።

የታሰበበት ምርቱ ነው። ምርቱ ሲበዛ ማን ይገዛል የሚለው አልታሰበበትም።

በደርግ ጊዜ ገዢው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ነበር። ኮታ ይጥላል፣ ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል። ገበሬው ይጠላው ነበር፤ ቢጠላውም አይፈረድበትም። በመጋቢት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታውም አብሮ ቀረ፣ እህል በነፃ መነገድ ጀመረ። የተተካው የእህል ንግድ ድርጅት ዋጋ እንዲያረጋጋ ታስቦ ነበር። ነገር ግን አቅሙ እየተመናመነ ሄዶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከዋጋ ማረጋጋት ወጥቶ ፊቱን ወደ ውጭ ንግድ እንዲያዞር ተደረገ። የማዳበሪያ ድጎማውም በ1989 ተነስቷል። የዓለም ባንክና የገንዘብ ድርጅቱ ምክር ያኔ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነበር፤ መንግሥት ይውጣ፣ የግል ነጋዴው ይገባል። መንግሥት ወጣ። ነጋዴው ግን ጎተራም፣ የባንክ ብድርም፣ መንገድም አልነበረውም። አንድ ኢሱዙ ሞልቶ አዲስ አበባ እህል በረንዳ አራግፎ ይመለሳል እንጂ የአገር ትርፍ ምርት ገዝቶ እስከ ሚቀጥለው ክረምት የሚያቆይበት ጉልበት ከየት ይምጣ?

በ1993 እና በ1994 ምርቱ ተከታትሎ ሰመረ። የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈለው አዝመራው እንደተሰበሰበ ስለሆነ ሁሉም በታኅሣሥና በጥር በአንድ ላይ ገበያ ወጣ። የበቆሎ ዋጋ እስከ 80 በመቶ ወረደ። ለማሳጨጃና ለማጓጓዣ የሚወጣው ገንዘብ እንኳ ስላልተመለሰ እህሉን ማሳው ላይ የተወ ገበሬ ነበር። ኢኮኖሚስቷ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን በ1999 ዓ.ም. አሩሻ ላይ ባደረጉት ንግግር ማሳ ላይ የበሰበሰውን 300 ሺህ ቶን አድርሰውታል። ዕዳው ግን አልበሰበሰም። ገበሬው በሬውን ሸጦ ከፈለ። በሬ የሸጠ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት እንደ ልቡ አያርስም፤ ዕዳ ያቃጠለው ሰው ማዳበሪያ አይወስድም፤ ምርጥ ዘሩን ትቶ ከጎታው የተረፈውን ይዘራል። የ1994ቱ መኸር የተዘራው እንዲህ ባለ እጅ ነው።

ዝናቡ የቀረው ከዚህ በኋላ ነው። የ1994ቱ በልግ ቆራረጠ፣ ክረምቱም ዘገየ። የአፋርና የፈንታሌ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸው ቀድመው አለቁ። በምሥራቅ ሸዋ፣ በአርሲና በምዕራብ ሐረርጌ ቆላዎች በሚያዝያ የሚዘራው በቆሎ ከሸፈ። በየቦታው ሁለቴ የዘራ አለ፤ ዘሩ ሲያልቅበት ጤፍና ቦሎቄ ሞክሮ እሱም ያልሆነለት አለ። የዚያ ዓመት የእህል ምርት ከቀዳሚው በሩብ ያህል ቀነሰ። በኅዳር 1995 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ለቢቢሲ ሲናገሩ የሚመጣው ከ1977ቱ ቅዠት የባሰ፣ ለማሰብም የሚዘገንን ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቁ። በጥር በርካሽ የሸጠው ገበሬ በሰኔ ያንኑ በቆሎ ከእጥፍ በላይ በሆነ ዋጋ ለመግዛት ገበያ ወጣ። በምን ገንዘብ?

አዳማ ያኔ የኦሮሚያ ዋና ከተማ ነበረች። ከዚያም በላይ የእርዳታ እህል መተላለፊያ ነበረች። ከ1990 ጀምሮ አሰብ ተዘግቶ ስለነበር ከጅቡቲ የሚመጣው ተሳቢ ሁሉ በአዋሽ አድርጎ እዚህ ይደርሳል። የመጠባበቂያ እህል ክምችት መጋዘንም በከተማዋ አለ። በ1995 ዓ.ም. የዎል ስትሪት ጆርናሉ ጋዜጠኛ ሮጀር ተሮው እዚህ መጥቶ ያየውን ጻፈ፦ የናዝሬት ነጋዴዎች መጋዘን በአገር ውስጥ እህል ተሞልቶ ተቀምጧል፤ በበሩ ደግሞ የአሜሪካ ስንዴ የጫነ ተሳቢ ያልፋል። ነጋዴው ገዢ ያጣው የተራበ ሰው ጠፍቶ አይደለም። የተራበው ገንዘብ የለውም፤ ገንዘብ ያለው ረጂ ደግሞ በአገሩ ሕግ ታስሯል። የአሜሪካ የምግብ እርዳታ እዚያው አሜሪካ የበቀለ እህል መሆን ነበረበት፤ ሦስት አራተኛው ደግሞ በአሜሪካ መርከብ መጫን ነበረበት። ተጭኖ፣ ባሕር አቋርጦ፣ ጅቡቲ ተራግፎ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። አንዳንድ የአውሮፓ ረጂዎች እህሉን እዚሁ ይገዙ ነበር። ትልቁ ረጂ ግን አሜሪካ ነበረች።

ስንዴው ነፍስ አድኗል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። የካንሳስና የአዮዋ እህል ያን ያህል ተትረፍርፎ አዳማ ድረስ የመጣው ለምንድን ነው?

መልሱ የእነሱም ገበሬ አንድ ጊዜ የአዳማ ዙሪያ ገበሬ የደረሰበት ስለደረሰበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 የአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ የበቆሎ ዋጋ ከመዋረዱ የተነሳ ገበሬው ከድንጋይ ከሰል ይልቅ በቆሎውን ምድጃ ውስጥ ያነድ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1934 ታላቁ ድርቅና የአቧራው ማዕበል መጣ። መጀመሪያ የዋጋ ውድቀት፣ ቀጥሎ ድርቅ፤ ቅደም ተከተሉ ከእኛው 1994 እና 1995 ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ በመካከል የሆነው ነው። በ1933 የሩዝቬልት መንግሥት የበቆሎ ገበሬውን እህሉን ጎተራው ውስጥ አሽጎ እንዲያቆይና በዚያ መያዣነት በቡሼል 45 ሳንቲም እንዲበደር አደረገው። ዋጋው ከወጣ ሸጦ ይከፍላል፣ ካልወጣ እህሉን ለመንግሥት ያስረክባል። ድርቁ ሲመጣ የታሸገው በቆሎ በየጎተራው ነበር፤ ገበሬውም በተሻለ ዋጋ ሸጠው። በ1938 የሰብል መድን ተጨመረ። እንዲህ የተደገፈ ገበሬ ከሚፈለገው በላይ ስላመረተ በ1954 ትርፉን ወደ ውጭ የሚልክ ሕግ ወጣ። አዳማ ላይ የተራገፈው ጆንያ የዚያ ሕግ የልጅ ልጅ ነው።

ነፃ ገበያ ለአፍሪካ ሲመከር ይህ ታሪክ አብሮ አልተመከረም።

ከ1995 በኋላ ብዙ ተሞክሯል። በ1997 ሴፍቲኔት ተጀመረ፤ በየዓመቱ ልመና ይወጣበት የነበረው እርዳታ ለሚሊዮኖች የታወቀ ድጋፍ ሆነ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ2001 ደግሞ ከአዳማ ብዙም በማይርቀው የቦሰት ወረዳ፣ ቦፋ ላይ፣ ኒያላ ኢንሹራንስ ከዓለም ምግብ ፕሮግራምና ከሉሜ አዳማ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ጋር ሆኖ የቦሎቄ ማሳን ከዝናብ እጥረት ዋስትና መስጠት ጀመረ። የተሳተፉት 137 ገበሬዎች ነበሩ። የአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ ከሦስት ዓመት በኋላ በ2004 ክረምት በከባድ ድርቅ ሲመታ ለገበሬዎቹ የተከፈለው የሰብል መድን 17 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በዚያ ድርቅ የዓለም የበቆሎ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ አዮዋ ላይ የጠፋ ዝናብ እህል የሚገዛን አገር ሁሉ ኪስ ይነካል። በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኖ ስምጥ ሸለቆውን እንደገና ሲመታው 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ፈለገ፤ የቦሰትና የፈንታሌ ስም እንደገና ዝርዝሩ ውስጥ ገባ።

የዋጋው ነገር ግን አሁንም እንደተንጠለጠለ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ መሥራቿ ዶክተር እሌኒ ደጋግመው ያነሱት የ1994ቱን ውድቀት ነበር፤ የመጀመሪያው ግብይትም የበቆሎ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ቡና ገባ፣ ሰሊጥ ተከተለ። የውጭ ምንዛሪ የሚያመጣው እሱ ነውና መድረኩን ያዘው። በቆሎው ቀስ እያለ ወጣ። የመቂና የቦሰት ገበሬ ዛሬም በጥር ወር ምርቱን የሚሸጠው ባለ ኢሱዙው በነገረው ዋጋ ነው።