በሩን የዘጋው ገብስ

ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። የማወጋችሁ ስለ ገብስ ነው፤ አርሲ ላይ ደግሞ ስለ ገብስ ሲወራ የሚቸኩል ሰው የለም። ከአሰላ ተነስቶ፣ ጭላሎን ከጀርባው ትቶ፣ ወደ ምሥራቅ ወደ ጮሌ የሚያቀና መንገደኛ ደጋው ላይ ጉም ይቀበለዋል፤ ጉሙም ገለጥ ሲልለት የገብሱ ማሳ ወለል ብሎ ይታየዋል። ገበሬውም ማሳው ዳር ቆሞ አንድ ዛላ ይቀነጥስና በመዳፉ ያሸዋል፣ እፍ ብሎ ገለባውን ያበራል፣ ፍሬውን በጥርሱ ይሞክራል፤ ከዚያም ይኼ ለበሶ፣ ይኼ ለጠላ፣ ይኼኛው ለዘር ብሎ ይለያል። ይህችን እጅ ልብ በሉልኝ።

ገብስ ጠላት አለው። ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስል ሻጋታ ነው፤ የግብርና ባለሙያዎች ፓውደሪ ሚልዲው ይሉታል። በነፋስ ይመጣል፣ ቅጠሉ ላይ ያርፋል፣ ልባሱን ወግቶ ይገባል፣ ከዚያም የሕዋሱን ምግብ እየመጠጠ ይኖራል። የአውሮፓን ገበሬ ክፉኛ አማርሮታል፤ ተመራማሪዎች አንድ ተከላካይ ጂን አገኘን ብለው ገብሱ ውስጥ ሲያስገቡ፣ ሻጋታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ መላ ፈጥሮ ይመለስ ነበር።

ታዲያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ አገራችን በጣሊያን ወረራ ሥር ሳለች፣ ከጀርመን የመጡ ዘር ሰብሳቢዎች ከኢትዮጵያ ገበሬዎች ገብስ እየወሰዱ ባሕር አሻገሩ። ዘሩም ብዙ ዘመን ቆየ፤ ቆይቶም ሲፈተሽ ሻጋታው የማይደፍረው ገብስ ተገኘበት። ዛሬ የሳይንሱ ዓለም እነዚያን ገብሶች የሚያውቃቸው ኤል 92 እና ኤል 100 በሚል ቁጥር ነው። የዘራቸው፣ ያረማቸው፣ ለዘር ብሎ የለያቸው ሰው ስም ግን አብሮ አልተጓዘም፤ ይህ ያሳዝነኛል፣ እናንተንም እንደሚያሳዝናችሁ አውቃለሁ።

በ1942 ደግሞ ጀርመን፣ ሃለ ላይ፣ ፍራይስሌበንና ላይን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ገብስን በራጅ ጨረር መትተው ሻጋታ የማይነካው ገብስ አገኙ። ኋላ ሲመረመር ጨረሩ ያሰናከለው ጂንና የኢትዮጵያው ገበሬ በማሳው ያቆየው ጂን አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ስሙም ኤምኤልኦ ነው። በ1997 ጂኑ ተነጥሎ ተነበበ፣ ያን ጊዜም ነገሩ ግልጽ ሆነ። ጂኑ ጤነኛ ሲሆን ለሻጋታው በር ይከፍትለታል፤ ሲሰናከል በሩ ይዘጋል። በ2004 የወጣው ጥናት ደግሞ የኢትዮጵያውን ገብስ ምስጢር ገለጠ፦ የጂኑ ቁራጭ ደጋግሞ ተገልብጦ ከሙሉው ጂን ፊት ተደርድሮ፣ ጂኑ በወጉ እንዳይነበብ አድርጎታል። ይህም የሆነው ገብስ በሰው እጅ መታረስ ከጀመረ በኋላ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ያንን አንዱን ዘር ከጎተራ ወደ ማሳ፣ ከማሳ ወደ ጎተራ እያመላለሰ እኛ ዘመን ያደረሰው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ አልልም፤ ታውቁታላችሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ጮሌ ማሳ ተመለሱልኝ። ከገብሱ ጎን አተር አለ፣ ከአተሩ ወዲያ ስንዴ አለ፤ ሁሉም በውስጣቸው የዚሁ ጂን ቤተሰብ አላቸው። ቤተሰቡ እጅግ ጥንታዊ ነው፤ ውኃ ውስጥ በሚኖሩ አረንጓዴ አልጌዎች ሳይቀር ይገኛል። በረጅም ዘመን ውስጥ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ ተባዛ፤ ከተባዛም በኋላ እያንዳንዱ የየራሱን ሥራ ያዘ። አራቢዶፕሲስ የምትባል የጎመን ዘመድ የሆነች ትንሽ አረም 15 አባላት አሏት። 2ኛው፣ 6ኛውና 12ኛው ሻጋታው የሚፈልጋቸው ናቸው፤ ሦስቱም ካልተሰናከሉ ተክሏ ሙሉ በሙሉ አትድንም። 4ኛውና 11ኛው ሥር ላይ ናቸው፤ ሥሩ ድንጋይ ሲነካ እንዴት እንደሚታጠፍ በእነሱም ይወሰናል። 7ኛው ግን አበባ ውስጥ ነው ያለው፤ የአበባው ብናኝ ቱቦ አብጅቶ እንቁላሉ ዘንድ ሲደርስ፣ በምትቀበለው ሕዋስ ላይ ተቀምጦ ካልሲየም ያስገባል፣ ከዚያም ቱቦው ይፈነዳል፣ ዘርም ይፀነሳል። አንዱ ወንድም ለጠላት በር ሲከፍት ሌላው ለፅንስ ይከፍታል! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

ቲማቲምም፣ አተርም፣ ሰው ሳይነካቸው በየራሳቸው ይህንኑ በር የዘጉ ዘሮች ተገኝተውባቸዋል። ስንዴ ግን ከሦስት ዘመዳሞች የተዋሃደ ስለሆነ ሦስት ቅጂ ተሸክሟል፤ አንዱ ቢዘጋ ሁለቱ ክፍት ናቸው። ስለዚህ በ2014 ቻይናውያን ተመራማሪዎች ሦስቱንም በጂን አርትዖት ዘጓቸው። ዘግተውም ሻጋታውን መለሱት፣ ስንዴው ግን እድገቱ ቀነሰ፤ ገብሱም ቢሆን በሩን ሲዘጋ ቅጠሉ ያለ በሽታ ነጠብጣብ የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ለስንዴው መላ የተገኘለት በ2022 ነው፤ በዚያው ጂን አካባቢ ሰፊ ቁራጭ የጎደለበት ስንዴ፣ ጎረቤት ያለ ሌላ ጂን በርትቶ ሲሠራለት፣ ሻጋታውንም ከለከለ፣ እድገቱም ተመለሰ።

የኢትዮጵያው ገብስም በ1979 አቴም በሚባል የሆላንድ ዝርያ ውስጥ ገብቶ የአውሮፓን ማሳ ያዘ፤ ከዚያም በብዙ ዝርያዎች ውስጥ ተሠራጨ፤ ሻጋታውም ከ40 ዓመት በላይ ሊሰብረው አልቻለም። በ1976 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የዘር ባንክ በጀርመን ትብብር ተቋቋመ፤ ዛሬ የገብስ ናሙናዎቹ ከአሥር ሺህ ያልፋሉ። ዘር ከአገር ሲወጣ ፈቃድና ውል ያስፈልገዋል፤ ከሚገኘው ጥቅምም ድርሻው ያሳደገው ማኅበረሰብ እንዲሆን ሕግ ወጥቷል።