ቁጥር የተሰካበት ዓሣ

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል የሀገራችን ሰው። ከውሃ ውስጥ እውቀት ያወጡ ዓሣ አጥማጆች መኖራቸውን ግን ብዙዎቻችን አልሰማንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ፍራንክ ማዘር የተባለ፣ በአሜሪካ የዉድስ ሆል የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ባልደረባ፣ ግዙፎቹ ቱናዎች በየወቅቱ ከየት መጥተው ወዴት እንደሚሄዱ ለማወቅ ፈለገ። አንድ ተመራማሪ በአንድ ጀልባ ውቅያኖስን አስሶ አይዘልቀውም። ስለዚህ ለመዝናናት ብለው ዓሣ ወደሚያጠምዱ ሰዎች ፊቱን አዞረ። ቁጥርና አድራሻ የተጻፈበት ትንሽ ምልክት ሰጣቸው። አጥማጁ የያዘውን ዓሣ ወደ ጀልባው ጠጋ አድርጎ ምልክቱን በዘንግ ጫፍ ጀርባው ላይ ይሰካበታል፤ ቀኑን፣ ቦታውንና የዓሣውን ግምታዊ መጠን በካርድ መዝግቦ ይልካል፤ ዓሣውን ግን ይለቀዋል።

በዚያው ዓመት በማርታስ ቪንያርድ ደሴት አጠገብ ከተለቀቁት መካከል ሁለቱ በ1959 አትላንቲክን ተሻግረው በቢስኬ ባሕረ ሰላጤ ተያዙ። በአንዱ ዳርቻ የሚጠመደው ዓሣ የሌላው ዳርቻም ጉዳይ መሆኑ ታወቀ። በ1966 የአትላንቲክን ቱና በጋራ ለመጠበቅ ዓለም አቀፍ ስምምነት በሪዮ ዴ ጃኔሮ ተፈረመ።

እኔን የሚገርመኝ ግን የለቀቀው ሰው ብቻ አይደለም። ዓሣውን መልሶ የያዘው ሰው ምልክቱን ወደ ባሕር ቢወረውረው ኖሮ ታሪኩ በዚያው በቀረ ነበር። የሥራው እኩሌታ የማይተዋወቁ ሰዎች መተማመን ነው።

ወደ ሀገራችን እንመለስ። በ1986 በጣና ሐይቅ ላይ በሞተር ጀልባና በመረብ ማጥመድ ተጀመረ። በ1990ዎቹ ናግልከርክና ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች የጣና ትልልቅ ነጭ ዓሣዎች አንድ ዘር ሳይሆኑ 15 ያህል ዝርያዎች መሆናቸውንና አብዛኞቹም በሌላ ቦታ እንደማይገኙ አሳዩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ፤ መረቡም የሚጠብቃቸው በወንዙ አፍ ነው። ዓሣው ተለይቶ ስም ሲወጣለት ቁጥሩ በእጅጉ መመናመን ጀምሮ ነበር።

የጣና አጥማጅ እንጀራው ስለሆነ ልቀቅ ቢሉት አይለቅም፤ አይፈረድበትም። ያየውን ለመናገር ግን ሀብታም መሆን አያስፈልግም። የትኛው ዓሣ፣ መቼ፣ የት እንደ ተያዘ የሚጠይቀውና የሚመዘግብለት ሰው ይፈልጋል።

በቃሊቲ የምንኖር ሰዎችም ይህ ይመለከተናል። የፋብሪካና የከተማ ቆሻሻ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርደው የአቃቂ ወንዝ ዓሣ ነበረው። በልጅነታቸው መንጠቆ የጣሉበት ሽማግሌዎች ሳያልፉ፣ አምባዛው እስከ የት ይገኝ እንደነበር፣ በየትኛው ዓመት እንደ ጠፋ ጠይቀን በደብተር ብናሰፍር ምን ይከለክለናል? ወንዙ ይጽዳ የሚለው ጩኸታችን፣ ምን እንደ ጠፋብን ቆጥረን ስንናገር ሰሚ ያገኝ ይሆናል።